የግመል ቴምብር በባሮ ዳር

የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቴምብር ሰብሳቢዎች ሲነገር አስቀድሞ የሚነሣው ፊሊፕ ፌራሪ ነው። በ1850 በፓሪስ የተወለደው ይህ ባለጸጋ፣ በዓለም አንድ ብቻ የሆነውን የብሪቲሽ ጊያና የ1856 ቴምብር ሳይቀር በእጁ አስገብቶ ነበር። ስብስቡን ለበርሊን የፖስታ ሙዚየም ተናዘዘ፤ በ1917 ሲሞት ግን የፈረንሣይ መንግሥት እንደ ጠላት ንብረት ወርሶ ከ1921 እስከ 1925 በጨረታ በተነው።

እኔ ግን የማነሣው ከዚያ በዋጋ እጅግ ያነሰ፣ ለእኛ ታሪክ የሚበልጥ ወረቀት ነው፤ ይኸውም ከጋምቤላ የተላከ ደብዳቤ ኤንቨሎፕ።

ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል አራተኛ አንቀጽ፣ በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አቅራቢያ ከ2,000 ሜትር ርዝመትና ከ400 ሄክታር ስፋት የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ ተከራየ። ለፖለቲካና ለጦር ዓላማ እንዳይውልም ተከልክሏል። ስለ ፖስታ ግን አንቀጹ ዝም ይላል። ጣቢያው በጋምቤላ ተተከለ፤ የጎሬና የደምቢዶሎ ቡና ወደዚያ እየወረደ፣ ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። የሱዳን ፖስታ ቤትም ተከፈተ።

በዚያ ከሚለጠፉት ቴምብሮች ታዋቂው፣ ስታንተን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ነድፎት በ1898 የወጣው ባለግመሉ ፖስተኛ ነው። ሐሳቡ የመጣለት ዘወትር በወንዝ የሚመጣው ፖስታቸው አንድ ቀን በግመል ሲደርስ አይቶ ነው ይባላል። ባሮ የግመል አገር አይደለም፤ እዚያ የግመሉን ምስል የሚያጓጉዘው መርከብ ነበር!

ኢትዮጵያ ከ1894 ጀምሮ በፓሪስ የታተመ የራሷ ቴምብር ነበራት፤ በ1908ም የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች። ሆኖም ጣቢያው የተመለሰላት ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 ነው። በእኔ አስተያየት የኪራዩን እውነተኛ ባሕርይ ከውሉ ይልቅ በኢትዮጵያ መሬት ላይ የተለጠፈው የሱዳን ቴምብር ይገልጠዋል።

ይህን የሚመሰክረው ደግሞ ቴምብሩ ብቻውን አይደለም። በውኃ ተዘፍዝፎ ከተላቀቀና ማህተሙ ለሁለት ከተከፈለ፣ ከካርቱም ይላክ ከጋምቤላ መለየት ይቸግራል። ጠንቃቃ ሰብሳቢ የጣቢያውን ስም፣ ቀኑን፣ የላኪውን ነጋዴ ስም፣ በጀርባ ያለውን የመድረሻ ማህተም አብሮ ያነብባል። ቀኑ ብቻውን እንኳ ወንዙ ሞልቶ እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር ይጠቁማል።

ከእናንተ መካከል አያቱ በጎሬ ወይም በጋምቤላ የነገዱ ካለ፣ የቤቱን ሣጥን ሲከፍት ቴምብሩን አይላጥ። ኤንቨሎፑን እንዳለ ያምጣልን፤ ፎቶግራፍ አንሥተን እንመልስለታለን።