ጨው፣ ውጥረትና አይዝጌ ብረት



ከደብረ ሲና ሽቅብ ወጥቶ ጣርማ በር የደረሰ መንገደኛ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ወደፈለፈሉት ዋሻ ከመግባቱ በፊት ዞር ቢል ቆላውን ቁልቁል ያያል። ከዚያው ተረተር በስተደቡብ፣ በአንኮበር ግርጌ፣ የአልዩ አምባ ገበያ አለ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የአሳል ሐይቅ ጨው በግመል የሚደርሰው እዚያ ነበር። ስለ ብረት ልናገር መጥቼ በጨው መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም።

አይዝጌ ብረት፣ ማለትም ስቴይንለስ ስቲል፣ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1912 እና በ1913 ነው፤ በጀርመን በክሩፕ፣ በእንግሊዝ ደግሞ ሼፊልድ ውስጥ በሃሪ ብሪርሊ እጅ። ከክሩፑ ዘር የወጣው፣ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለው ዓይነት ዓለምን ሞላ። የቢራ ፋብሪካ ጋኖች በአብዛኛው የሚሠሩት ከዚህ ነው።

ጋሻው በዓይን የማይታይ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ሽፋኑን በአንድ ነጥብ ይበሳዋል፤ ብየዳ ጥሎት የሄደው ውጥረት ቀዳዳውን ስንጥቅ ያደርገዋል፤ ሙቀት ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ደግሞ ነገሩ ይፋጠናል። ስንጥቁ እንደ ዛፍ ሥር እየተከፋፈለ ሲሄድ ገጹ እንዳንጸባረቀ ይቆያል።

ይህን ያወቅሁት አፍሬ ነው። በአንድ ፋብሪካ የሙቅ ውሃ ጋን አይቼ «ዝገት የለበትም» ብዬ ፈረምሁ፤ ከወራት በኋላ በብየዳው ጎን አፈሰሰ።

የእኔ ስህተት ውሃ ብቻ አፈሰሰ። በስዊዘርላንድ ኡስተር ከተማ ግን እ.ኤ.አ. በ1985 የመዋኛ ገንዳ ጣሪያ ወድቆ 12 ሰዎች ሞቱ። ጣሪያውን ያንጠለጠሉት የአይዝጌ ብረት ዘንጎች ክሎሪን ባዘለው አየር ተሰንጥቀው ነበር፤ ያውም በመዋኛ አዳራሽ ሙቀት። የ60 ዲግሪው ወሰን አስተማማኝ አጥር አለመሆኑ የታየው እንዲህ ነው።

ይልቅ የሚያስገርመኝ፣ ኮፕሰን እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው ውጤት ነው፤ በሚፈላ ማግኒዚየም ክሎራይድ ውስጥ ፈጥኖ የሚሰነጠቀው 8 በመቶ ገደማ ኒኬል ያለው ሆኖ ተገኘ። ዓለም የመረጠው ያንኑ ነው! ስዊድን ውስጥ አቬስታ ከ1930 ጀምሮ ያቀለጠው፣ ኒኬሉ ያነሰ ዱፕሌክስ ብረት ስንጥቁን ይበልጥ ይቋቋማል፤ ዋጋውና ብየዳው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል።

«ደጋው ብርድ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ60 እጅግ ይበልጣል። ያ ጋን የሚጸዳው በበረኪና ነበር። በሚገባ ያልተለቀለቀው ክሎራይድ፣ ውሃው በተነነ ቁጥር፣ ብየዳው ላይ እየወፈረ ይቀር ነበር።