የጓዳ ምሬትና የአደባባይ ድግስ

የዘመነ ደርግ ታሪክ ሲጻፍ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ እንደ ተራ የጓዳ ምሬት ይታለፋል። እኔ ግን ከመንግሥት ወጪ ለይቼ አላየውም። የከተማው ነዋሪ ስኳርና ሳሙና በራሽን ለመግዛት ተሰልፎ በሚውልበት ዘመን፣ መንግሥት በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በታላቅ ድግስ አከበረ። በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የትግላችን ሐውልት ቆመ፤ አዲስ አበባ በመፈክር አሸበረቀች። በዚያው ወቅት ወሎና ትግራይ በረሀብ ያልቁ ነበር። የኮረምን እልቂት ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ድግሱ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት ወር ነው።

ሳሙና ያጣችው እናትና እህል ያጣው ገበሬ መከራቸው አይስተካከልም፤ በመንግሥት ዘንድ ግን ሁለቱም ከድግሱ በኋላ የሚታሰቡ ነበሩ። ስለዚህ አንድን መንግሥት ለመመዘን የሚሻ ሰው ከሐውልቱ በፊት የሱቁን ሰልፍ ይመልከት።