የአየር ጨባጭ

የፋብሪካ ማሽን መመሪያ ያገላበጠ ሰው «ኒውማቲክ ግሪፐር» የሚለውን ስም ሳያገኝ አይቀርም። በሮቦት ክንድ ጫፍ ላይ የሚገጠም፣ በአየር ግፊት ዕቃ ይዞ የሚያነሳና ቦታው ላይ የሚለቅ መሣሪያ ነው። በአማርኛ «የአየር ጨባጭ» ቢባል ጥሩ ነው። «መያዣ» የሚለው ቃል ለባንክ ብድርም ለድስት ጆሮም ስለሚያገለግል ያምታታል። «ጉጠት» ግሩም ቃል ነው፤ ግን የሚስማማው ሁለት መንጋጋ ላለው ዓይነት ብቻ ነው። ጨባጭ ግን መንጋጋ ያለውንም የሌለውንም ያቅፋል።

ባለመንጋጋውን ብናስቀድም፣ የሚሠራው ጎሚስታ ቤት ጎማ በሚነፋው ዓይነት የታመቀ አየር ነው። ፋብሪካ ውስጥ ግፊቱ ብዙውን ጊዜ 6 ባር አካባቢ ይደረጋል። ቫልቩ ሲከፈት አየሩ ወደ ትንሽ ሲሊንደር ገብቶ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም በሽብልቅ ወይም በጥርስ አማካይነት ሁለቱን ጣቶች ያገጣጥማል። የውስጥ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ሲሊንደር በ6 ባር 188 ኒውተን ያህል ይገፋል፤ የ19 ኪሎ ክብደት ማለት ነው። በሰበቃ የሚባክን ቢኖርም ለዚያች ትንሽ ሲሊንደር ብዙ ጉልበት ነው። ደግሞም ጨብጦ ለረጅም ጊዜ ቢቆይ አይግልም፤ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ጨባጭ ግን ዕቃውን እንደጨመቀ ሲቆም ሞተሩ ሊግል ይችላል።

መብራት ሲጠፋስ? ኮምፕሬሰሩ ይቆማል፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊትም ቀስ በቀስ ይወርዳል። ስለዚህ ከባድ ዕቃ ለሚያነሳ ማሽን አየር ቢጠፋም መንጋጋውን በስፕሪንግ ዘግቶ የሚያቆየው ዓይነት ይመረጣል። ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ከሥር ሰው የሚያልፍበት ቦታ ላይ ሌላው ዓይነት ሊገጠም አይገባም።

አንዱ መንጋጋ የሌለው ጨባጭ ባለመምጠጫው ነው። ከላስቲክ የተሠራ ኩባያ መሰል አፍ ካርቶን፣ መስታወት ወይም ቆርቆሮ ላይ ያርፋል፤ በመካከል ያለው አየር ይወጣና ዕቃው ይጣበቃል። መምጠጫው ዕቃውን የሚስብ ይመስለናል፤ በእውነቱ ግን ዕቃውን ከሥር ወደ ላይ የሚገፋው በዙሪያችን ያለው የከባቢ አየር ግፊት ነው። ስለዚህ ማሽኑ የቆመበት ከፍታ ኃይሉን ይወስናል።

በባሕር ጠለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ወደ 76 ይወርዳል፤ ሩብ ያህሉ ጎድሏል ማለት ነው። ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ መምጠጫ በውስጡ ካለው አየር 60 በመቶው ቢወጣለት፣ ባሕር ዳርቻ ላይ 76 ኒውተን ገደማ ሲይዝ አዲስ አበባ ላይ የሚይዘው 57 ብቻ ነው። በካታሎግ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ ተቀብሎ የገዛ ፋብሪካ ካርቶኑ መንገድ ላይ ቢወድቅበት የጥራት ጉድለት ሳይመስለው አይቀርም። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ 50 ሚሊ ሜትሩን መምረጥ ወይም አንድ ሁለት መምጠጫ መጨመር። ባለመንጋጋውን ይህ ችግር እምብዛም አይነካውም፤ የሚለካው ከከባቢው በላይ ባለው ግፊት ስለሆነ 6 ባሩ አዲስ አበባም 6 ባር ነው። ኮምፕሬሰሩ ግን ሳሳ ያለ አየር ስለሚስብ ገንዳውን ለመሙላት ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል።

የቡና ነገር ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የኮርኔልና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአይሮቦት ኩባንያ ጋር ሆነው ጣት የሌለው ጨባጭ አሳዩ፤ የተፈጨ ቡና የተሞላ የላስቲክ ፊኛ ነበር። ፊኛው ዕቃው ላይ ተጭኖ ቅርጹን ይይዛል፤ አየሩ ሲወጣ የቡናው ቅንጣቶች ተጨናንቀው እንደ ጠጣር ይሆኑና ዕቃውን ይጨብጣሉ። አየር ሲመለስ ይላላሉ። እንቁላልንም ያነሳ ነበር። እሱም የሚሠራው በከባቢ አየር ግፊት በመሆኑ ደጋ ላይ ይደክማል።

ማሽን ለሚተክል ባለሙያ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ባለመምጠጫ ማሽኖች ዕቃው መያዙን የሚያውቁት በግፊት ማብሪያ ነው፤ ግፊቱ ከተወሰነ ቁጥር በታች ሲወርድ «ተይዟል» ብሎ ክንዱን ያስነሳል። ማብሪያው ከፋብሪካው −0.8 ባር ላይ ተስተካክሎ ከመጣ አዲስ አበባ ላይ ፈጽሞ አይነሳም፤ ፍጹም ባዶ ቢደረግ እንኳ እዚህ የሚገኘው −0.76 ባር ነውና። ክንዱ ካርቶኑን አጥብቆ ይዞት ሳለ አልያዝኩም ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። አየሩን የሚያወጣውን ፓምፕ ከመፍታት በፊት የማብሪያውን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል።