ከኢንሱሊን እስከ ግንደ ሕዋስ፦ የስኳር በሽታ ሕክምናና የጨፋ ሸለቆ

የስኳር በሽታ ሕክምና ታሪክ ከጊዜ ጋር የተደረገ የሽሚያ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1922 በፊት ሰውነት በገዛ ቆሽቱ ላይ በሚዘምትበት ዓይነት የተያዘ ልጅ ቀሪ ዕድሜው በወራት፣ ቢበዛ በጥቂት ዓመታት የሚቆጠር ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ወር በቶሮንቶ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን በተወጋ ጊዜ ይህ ፍርድ ተሻረ። ይሁን እንጂ ኢንሱሊን የጎደለውን ይተካል እንጂ ዘመቻውን አያስቆምም።

ዘመቻውን ከምንጩ ለመግታት ከተደረጉት ጥረቶች አንዱ፣ ብራዚላዊው ሐኪም ጁሊዮ ቮልታሬሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 በሪቤራኦ ፕሬቶ የጀመሩት ነው። የበሽተኛው ግንደ ሕዋሳት ከደሙ ተሰብስበው ይቀመጣሉ፤ የሳተው የመከላከያ ኃይል በብርቱ መድኃኒት ይደቆሳል፤ ከዚያም ሕዋሳቱ ለባለቤታቸው ይመለሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ዘገባ ከ15 ሕሙማን 14ቱ ለአጭር ወይም ለረጅም ጊዜ ያለ ኢንሱሊን ኖረዋል። ሆኖም ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም፤ መድኃኒቱም ለሳንባ ምችና ለዘር መመናመን የሚያጋልጥ ነበር፤ ከዓመታት በኋላም አብዛኞቹ ወደ መርፌው ተመልሰዋል።

ለእኛ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ግን የሙከራው ቅድመ ሁኔታ ነው፤ የተመረጡት ሕሙማን በሽታቸው ከታወቀ ስድስት ሳምንት ያላለፋቸው ነበሩ። በከሚሴ ዙሪያ፣ ቦርከና በሚያጠጣው የጨፋ ሸለቆ፣ አርሶ አደሩም ከብቶቹን ተከትሎ የሚዘዋወረው አርብቶ አደርም በሚኖርበት ቆላ፣ የልጁ ክሳት ለረሃብ፣ ትውከቱና ድካሙ ለወባ ሊሰጥ ይችላል። ስድስቱ ሳምንት መቆጠር የሚጀምረው በሽታው ስም ሲያገኝ ነው፤ ስም ሳያገኝ የሞተ ልጅ ግን ከማንም መዝገብ አይገባም።

ከዚህም በላይ፣ የጎንደር ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳመለከቱት፣ ኢንሱሊን ከሚያሻቸው የገጠር ሕሙማን መካከል ድሆችና ከሲታ ወጣት ወንዶች ይበዛሉ፤ የበሽታቸውም ሥር የምግብ እጥረት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ተጠይቋል። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ዓይነት አምስተኛ ብሎ ሰይሞታል። በእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ዘንድ የመከላከያ ኃይልን መደቆስ ዒላማውን የሳተ ሕክምና ይሆናል።

እንግዲህ አዲሱ ጥበብ የሚናቅ ባይሆንም ቅደም ተከተሉ ሊዛባ አይገባም። በየጤና ጣቢያው የስኳር መመርመሪያ፣ በቆላው ሙቀት ሳይበላሽ የሚቆይ ኢንሱሊን፣ ጥማትንና ሽንት ማብዛትን ሰምቶ የሚጠረጥር ባለሙያ፤ የቶሮንቶው ድል ጨፋ የሚደርሰው በእነዚህ ነው።