ስለ ርእዮተ ዓለም ትምህርትና ከግእዝ ስለ ተወሰዱት ቃላቱ

ርእዮተ ዓለም የሚለው ቃል ዛሬ በጋዜጣና በአደባባይ ንግግር ዘወትር ይሰማል፤ ብዙ ጸሓፊም በዐይኑ «ዐ» ይጽፈዋል። ነገር ግን ርእየ ማለት አየ ማለት ሆኖ በአልፉ «አ» የሚጻፍ ስለ ሆነ፥ የቃሉ ፍች «ዓለምን ማየት» ነው። አብዮትም አበየ ከሚለው ግስ የወጣ ሆኖ እምቢ ማለትን ያመለክታል። እንዲህ ያሉትን ቃላት በከተማና በገጠር ያስለመዷቸው የቅኔ መምህራን አይደሉም፤ ከፍተኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ የተማሩ ወጣቶች ናቸው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ሲከፈት የበላይ ኀላፊው ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። እርሳቸውና ከእርሳቸው ጋራ የመጡት መምህራን የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ሲሆኑ፥ ያለ ካህን ልብስ ያስተምሩ ነበር፤ ሃይማኖታቸውንም አይሰብኩም። የዐፄ ሱስንዮስን ዘመን ታሪክ ላነበበ ሰው ምክንያቱ አይሰወረውም። ነገር ግን የሃይማኖት በር እንዲህ ሲጠበቅ ሌላ ስብከት በሌላ በር ገባ። በ1951 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች በንጉሠ ነገሥቱ ወጪ ሊማሩ የመጡት ወጣቶች ስለ ቅኝ ግዛትና ስለ ነጻነት የሚከራከሩበትን ልማድ ይዘው መጡ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኰንኖች መንግሥቱን ለመገልበጥ በተነሡ ጊዜ ተማሮች ደግፈዋቸው ወደ አደባባይ ወጡ። ከዚህ አንድ ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተው ትምህርት ቤቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ተባለ። በ1957 ዓ.ም. ገደማ «አዞዎች» የሚል ስም የወጣላቸው ጥቂት ተማሮች በዚያው ግቢ ውስጥ የማርክስንና የሌኒንን ትምህርት በምስጢር ያጠኑ ነበር።

ትምህርቱ የተገኘው ከመምህር አፍ ይልቅ ከእጅ ወደ እጅ ከሚተላለፍ መጽሐፍ ነው፤ ጉዳቱም ከዚሁ ጀመረ። በትርጓሜ ጉባኤ ደቀ መዝሙሩ ንባቡን ካወረደ በኋላ መምህሩ ፍቹን ይነግረዋል፤ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፥ ደግሞም «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ይጨምርለታል፤ ተማሪውም ብዙ ፍች በልቡ ይዞ መኖርን ይለምዳል። በወጣቶቹ የንባብ ማኅበር ግን «አንድም» አልነበረም። ሌኒን ለሩስያ የጻፈው እንዳለ ለኢትዮጵያ ይነበብ ነበር፤ የሚያከራክረውም ቃሉ እውነት መሆኑ ሳይሆን፥ ቃሉን በትክክል ያነበበው ማን እንደ ሆነ ነበር።

ይህ ማለት ግን ወጣቶቹ ያዩት ችግር ሐሰት ነበር ማለት አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርስቲ ተማሪ ሁሉ አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል ስለ ታዘዘ፥ ብዙዎቹ የጭሰኛውን ኑሮ በዐይናቸው አዩት፤ ያረሰውን ለባለ መሬቱ እኩል ሲያካፍልም አገኙት። በዚሁ ዓመት በየካቲት ወር ተማሮች ወደ ፓርላማው ሲሰለፉ ያሰሙት ጩኸት «መሬት ለአራሹ» የሚል ነበር። ይህ ቃል ከሞስኮ መጽሐፍ የተተረጐመ አይመስልም፤ መዝገበ ቃላትም አያሻውም፤ ማንም ገበሬ ሰምቶ ያስተውለዋል።

ሁለተኛው ነገር እንዲህ ቀላል አልነበረም። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኰንን የተባለ ተማሪ ስለ ኢትዮጵያ ብሔሮች ጥያቄ ጥቂት ገጽ ጽፎ «ስትራግል» በሚባለው የተማሮች ጋዜጣ አወጣ። ጽሕፈቱም በእንግሊዝኛ ነበር። በሚመጣው ወር፥ በታኅሣሥ 19 ቀን፥ የተማሮች ማኅበር ሊቀ መንበር የነበረው ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ በማግሥቱም አስከሬኑን ይዘው በስድስት ኪሎ በተሰበሰቡት ላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ተኵሰው ሌሎች ተማሮች ወደቁ። ከዚህ ወዲያ ነገሩ የንባብ ማኅበር ነገር መሆኑ ቀረ። ዋለልኝም ራሱ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋራ አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ተገደለ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከወረዱ በኋላ፥ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ ኅብረተ ሰባዊነትን አወጀ፤ ዩኒቨርስቲውንም ዘግቶ ስድሳ ሺህ ያህል ተማሮችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ። ወጣቶቹ ስለ መደብ ትግል ሲያስተምሩ፥ መደብ ለባላገር ከግድግዳ ሥር በጭቃ የተሠራ መቀመጫና መኝታ ነው። የየካቲት 25 ቀኑ የመሬት ዐዋጅ ግን ማስተርጐም አላስፈለገውም፤ ጭሰኝነትን አጠፋ፥ ለአንድ ቤተ ሰብም እስከ 10 ሄክታር እንዲያርስ ፈቀደ። ሆኖም አራሹ መሬቱን እንዳይሸጥ፥ በዋስትናም እንዳያሲዝ ተከለከለ፤ ዐዋጁ መሬቱን የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት አድርጎታልና። የተማሮቹ ጩኸትና ዐዋጁ በዚህ ተለያዩ፤ በደስታው ጊዜ ይህን ልብ ያለ ጥቂት ነው።

በ1960 ዓ.ም. በሐምቡርግ መኢሶን፥ በ1964 ዓ.ም. በበርሊን ኢሕአፓ በውጭ አገር ተማሮች ተመሥርተው ነበር። ሁለቱም ማርክስን አንብበዋል፤ ሁለቱም ሠርቶ አደሩን ነጻ እናወጣለን ይላሉ። ነገር ግን ኢሕአፓ «ላብ አደር» ሲል መኢሶን «ወዝ አደር» አለ፤ ደርግም ከወዝ ጋራ ሆነ። ላብና ወዝ በአንድ ሰው ግንባር ላይ የሚወጡ ናቸው፤ ቃሉን የተናገረ ሰው ግን በየትኛው ወገን እንደ ቆመ ይታወቅበት ጀመር። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ጋዜጣ በብዕር ስም ሲካሄድ የነበረው ክርክር፥ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በየመንገዱ ዳር በሚጣል አስከሬን ተተካ። ደርግን የደገፈው መኢሶንም በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ሸሽቶ ወደ ኅቡእ ሲገባ ከዚያው ዕጣ አላመለጠም።

ከዚያ በኋላ የማርክስና የሌኒን ትምህርት በዩኒቨርስቲው ግዴታ ሆነ። አባቶች ተሸሽገው በሻማ ያነበቡትን ልጆች ለፈተና ሸመደዱት፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ትምህርቱ ሲቀር የተከራከረለት አልተሰማም።

ከቃላቱ ግን ብሔር ቀረ። በግእዝ መጻሕፍት ብሔር አገር፥ ምድር ነው፤ እግዚአብሔር የሚለው ስምም የዚህ ምስክር ነው። በ1956 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ብሔራዊ ባንክ ስሙን ሲይዝ ቃሉ ገና የመላው አገር ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም.፥ ዋለልኝ በሞተበት ዕለት፥ ከ22 ዓመት በኋላ የጸደቀው ሕገ መንግሥት ብሔርን በቋንቋና በባህል አንድ የሆነ፥ በአንድ አካባቢም ሰፍሮ የሚኖር ሕዝብ ብሎ ተረጐመው፤ መሬትንም በአንቀጽ 40 የብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት አደረገው።