የኑሮ መነሻ፦ የውኃ ላይ ሚና ጨዋታ እና የኦሞ ወንዝ አሻጋሪ

«የገበታ ሚና ጨዋታ» የሚባለው ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው በቃል የሚጫወቱት ጨዋታ ሲሆን፣ ከመካከላቸው አንዱ የጨዋታ መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፣ አደጋውን ያቀርባል፣ በሕጉም ይዳኛል። ሌሎቹ ገጸ ባሕርያቸው ምን እንደሚያደርግ ይናገራሉ፤ ውጤቱ በሚያጠራጥርበት ጊዜ ደግሞ ዳይስ ተጥሎ ይወሰናል። የዚህ ጨዋታ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው በጋሪ ጋይጋክስ እና በዴቭ አርንሰን ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የታተመው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ የወጡት በርካታ ጨዋታዎች አብዛኛውን መዋቅሩን ወርሰዋል።

ተጫዋቹ ገጸ ባሕርዩን ሲቀርጽ በመጽሐፉ ከተዘረዘሩት መካከል የሚመርጣቸው ነገሮች «የገጸ ባሕርይ አማራጮች» ይባላሉ። አማራጮቹ በዋናነት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የፍጡር ዓይነት ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ሰው ነው ወይስ ሌላ ምናባዊ ፍጡር የሚለውን ይወስናል። ሁለተኛው የሙያ መደብ ነው፤ ተዋጊ፣ አስማተኛ ወይም ፈዋሽ መሆኑን፣ በጀብዱ ላይ ሳለ የሚያዳብረውን ችሎታም ይወስናል። ሦስተኛው ገጸ ባሕርዩ ጀብዱ ከመጀመሩ በፊት በምን ይተዳደር እንደነበረ የሚናገረው አማራጭ ሲሆን፣ እስካሁን የተረጋጋ የአማርኛ ስም ያልተበጀለትም ይኸው ነው። እዚህ «የኑሮ መነሻ» ተብሎ ተተርጉሟል። «የኋላ ታሪክ» የሚለው አማራጭ ትርጉም ተረክን ብቻ ስለሚያመለክት አይበቃም፤ ይህ አማራጭ ለተጫዋቹ ታሪክ ብቻ ሳይሆን ክህሎት፣ የእጅ መሣሪያ እና ከሌሎች ሰዎች ጋር የሚያስተሳስር መብት ወይም ግዴታ ይሰጠዋልና።

ጨዋታው ከየብስ ወደ ውኃ በሚሸጋገርበት ጊዜ ከሦስቱ አማራጮች ይበልጥ የሚፈተነው የኑሮ መነሻ ነው። ተዋጊ በመርከብም ላይ ተዋጊ ነው፤ ሸራ የሚያነሣው፣ ጥልቀት የሚለካው፣ የተቀደደ የመርከብ አካል የሚደፍነው ግን ከጀብዱው በፊት በውኃ የኖረ ሰው ነው። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም «መርከበኛ» የሚል የኑሮ መነሻ አካትቷል፤ ይህን የመረጠ ገጸ ባሕርይ ጉልበትና ንቃት የሚጠይቁ ሁለት ክህሎቶች፣ የአቅጣጫ መፈለጊያ መሣሪያዎች አጠቃቀም እና ለራሱና ለጓደኞቹ በመርከብ ላይ ያለ ክፍያ የመሳፈር መብት ያገኛል፤ በምላሹም ተሳፋሪዎቹ የመርከቡን ሠራተኞች በሥራ ያግዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የባሕር ጀብዱዎች መድበል ደግሞ ዓሣ አስጋሪን፣ የባሕር ወታደርን፣ መርከብ ሠሪን እና ኮንትሮባንዲስትን ጨምሮ አማራጮቹን አስፍቷል።

እነዚህ ሁሉ የተቀረጹት የውቅያኖስ ወደብንና ባለ ሸራ መርከብን በማሰብ ነው። ይሁን እንጂ የኑሮ መነሻ የሚለው ጽንሰ ሐሳብ ለባሕር ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ሰው በውኃ ላይ ሙያ ይዞ በሚኖርበት ስፍራ ሁሉ ይሠራል። በደቡብ ኦሞ ዞን የሳላማጎ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ሃና የምትገኝበት የታችኛው ኦሞ ሸለቆ ለዚህ የሚመች እውነተኛ ምሳሌ ያቀርባል። ከመካከለኛው ኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የሚነሣው የኦሞ ወንዝ 760 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ ሐይቁ ከሰሜን እስከ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ነፋሱ የበረታ፣ ወደ ውቅያኖስም መውጫ የሌለው ሰፊ ውኃ በመሆኑ፣ ወንዙና ሐይቁ አንድ ላይ ለምናባዊ የውኃ ጉዞ የተሟላ ዓለም ይሆናሉ።

በዚህ ሸለቆ በቁጥር አነስተኛ የሆኑት ኩዌጉዎች ከብት አርቢ ከሆኑት ከሙርሲና ከቦዲ ጎረቤቶቻቸው የሚለዩት በወንዝ ዳር ኑሯቸው ነው። ያርሳሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ንብ ያነባሉ፣ ያድናሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን ከአንድ ትልቅ ግንድ ታንኳ ፈልፍለው የማውጣትና ሰውን ከኦሞ ዳር ወደ ዳር የማሻገር ሙያ ያላቸው ናቸው። በሙርሲዎች ላይ ለረጅም ዓመታት ጥናት ያካሄደው ብሪታንያዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን እንደገለጸው፣ አንድ የኩዌጉ ቤተሰብ ከአንድ የሙርሲ ደጋፊ ጋር የሚያስተሳስረው ቋሚ ግንኙነት ነበረው፤ ኩዌጉው ያሻግራል፣ ከወንዙ ያገኘውንም ያካፍላል፤ ደጋፊው ደግሞ ይጠብቀዋል፣ ጥሎሽ በሚያስፈልግበት ጊዜም በከብት ይረዳዋል። ግንኙነቱ እኩል እንዳልነበረ፣ የበላይነትና የበታችነት እንደነበረበትም ጥናቱ አሳይቷል።

ይህ ምሳሌ የኑሮ መነሻን ሦስት ክፍሎች በሚገባ ያብራራል፤ «የወንዝ አሻጋሪ» የሚል አዲስ አማራጭ በዚህ ላይ ሊቀረጽ ይችላል። ክህሎቱ ውኃን ማንበብ ነው፤ አሻጋሪው የውኃውን ፍጥነት፣ የአሸዋውን ክምር እና የአዞውን መደበቂያ ይለያል። መሣሪያው ከግንድ የተፈለፈለው ታንኳና የሚነዳበት ረጅም ዘንግ ነው። ትስስሩ ደግሞ የሚጠብቀው ደጋፊና ለዚያ ደጋፊ ያለበት ግዴታ ነው።

አማራጩ በጨዋታው ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንድ ማሻገር መመልከት ይበቃል። ወንዙ ሞልቶ ሳለ የጨዋታው መሪ ማሻገሩን 15 ነጥብ የሚጠይቅ ሥራ ያደርገዋል እንበል። ተጫዋቹ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ በወጣው ቁጥር ላይ የገጸ ባሕርዩን የማስተዋል ብቃት 2 ነጥብ ይጨምራል። የወንዝ አሻጋሪ ከሆነ ስለ ክህሎቱ ተጨማሪ 2 ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ አሻጋሪው 11 ወይም ከዚያ በላይ ቢወጣለት ይሻገራል፤ ዕድሉም ከ20 ገጾች 10፣ ማለትም ግማሽ ነው። ክህሎቱ የሌለው ጓደኛው ግን 13 ወይም ከዚያ በላይ ስለሚያስፈልገው ዕድሉ ከ20 ገጾች 8 ብቻ ነው። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ በአንድ ጀብዱ አሥር ጊዜ የሚሻገር ቡድን አሻጋሪ የሌለው ከሆነ ይህ ልዩነት ዕጣውን ይወስናል።

ከቁጥሩ ይልቅ ታሪክን የሚያንቀሳቅሰው ግን ትስስሩ ነው። አሻጋሪው በደጋፊው ጠላቶች ቢለመን ያሻግራቸዋል? ደጋፊው ቃሉን ቢያጥፍ ታንኳውን ይዞ ወዴት ይሄዳል? እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ከዳይስ አይመነጩም፤ ከኑሮ መነሻ ይመነጫሉ። የዘመን ለውጥም እንዲሁ የጨዋታው አካል ይሆናል። በታችኛው ኦሞ የወንዙ ሙላት ሲጎድል በረጠበው ዳር ላይ ማሽላ መዝራት የኑሮ መሠረት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኃይል ማመንጨት የጀመረው የጊቤ ሦስት ግድብ የወንዙን ዓመታዊ ሙላት ከቀየረ ወዲህ፣ በሳላማጎም የሸንኮራ አገዳ እርሻ ከተስፋፋ በኋላ፣ ከወንዙ ጋር የተያያዘው ኑሮ ሁሉ አዲስ ሁኔታ ገጥሞታል። ሙላቱ የቀረበትን ወንዝ የሚያሳይ ምናባዊ ዓለም ለአሻጋሪው ገጸ ባሕርይ ከማንኛውም የባሕር ጭራቅ ያላነሰ ፈተና ያቀርብለታል።

እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሕይወት ያለ ሕዝብ በጨዋታ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ፍጡር ዓይነት ሊመዘገብ አይገባም። አንዳንድ ጨዋታዎች ራሳቸው ዘር የሚለውን ቃል ትተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እትም በምትኩ የፍጡር ዓይነትን ይጠቀማል። ጨዋታው ሊወስድ የሚገባው ሙያውን ነው፤ ሙያን ማንም ሊማረው፣ ማንም ሊተወው ይችላል፤ የሕዝብ ስም ግን የባለቤቱ ነው። ስለዚህ አማራጩ «የወንዝ አሻጋሪ» ይባላል እንጂ «ኩዌጉ» አይባልም።

በዚሁ መንገድ ሌሎች የኢትዮጵያና የአካባቢዋ ውኃዎችም የራሳቸውን አማራጭ ይሰጣሉ፤ ከጣና ሐይቅ ከደንገል ታንኳ የሚሠራ፣ ከቱርካና ሰሜናዊ ዳርቻ ከዳሰነች ምድር ዓሣ አስጋሪ፣ ዛሬ በኤርትራ ከምትገኘው ከጥንቷ አዱሊስም የወደብ ነጋዴ ሊቀረጽ ይችላል። እያንዳንዳቸው ዓይነተኛ ክህሎት፣ መሣሪያና ትስስር አላቸው።

በጥቅሉ የኑሮ መነሻ ማለት ገጸ ባሕርይ ጀብዱ ከመጀመሩ በፊት የተዳደረበትን ሙያ፣ በዚያ ሙያ ያገኘውን ክህሎትና መሣሪያ፣ እንዲሁም ሙያው ከሰዎች ጋር ያስተሳሰረበትን መብትና ግዴታ አንድ ላይ የሚገልጽ የገጸ ባሕርይ አማራጭ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተጓደለ፣ በተለይም ትስስሩ ከቀረ፣ የቀረው የችሎታ ዝርዝር ብቻ እንጂ የኑሮ መነሻ አይደለም።