ቀለሙን ያወጣው እግር ነው

በሰሜን ፖርቱጋል ያለው የዶውሮ ወንዝ ሸለቆ ለእርሻ የተፈጠረ አይመስልም። ተራራው ቀጥ ያለ ነው፤ አፈሩም ከአፈርነት ይልቅ ለጠፍጣፋ የድንጋይ ስባሪ ይቀርባል። ሰው ድንጋዩን ፈልጦ ካብ ካበበት፣ ከካቡ ኋላ ያንኑ ስባሪ ሞልቶ ወይን ተከለ። ከካቢዎቹ ብዙዎቹ ከጎረቤት ጋሊሲያ ለቀን ሥራ የመጡ ድሆች ነበሩ። ስማቸውን የጻፈላቸው የለም።

የተጻፈው የነጋዴውና የሹሙ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1703 በተፈረመ ውል እንግሊዝ በፖርቱጋል ወይን ጠጅ ላይ ከፈረንሳዩ ያነሰ ቀረጥ ጣለች። የለንደን ጠጪ ደግሞ ደማቅ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ይወድ ነበር። ገበያው ሲደራ ማጭበርበሩም ደራ፤ የሳሳውን ጠጅ በቁጥቋጦ ፍሬ ያጠቁሩት ጀመር። በ1756 የፖርቱጋሉ ሹም ማርኪስ ዴ ፖምባል የወይን ጠጅ ኩባንያ አቋቁሞ ወይን የሚለማበትን አገር ከለለ፤ ድንበሩን በግራናይት ምልክት አስያዘ፤ ቁጥቋጦውንም አስነቀለ። በዓመቱ የፖርቶ ከተማ ሕዝብ በኩባንያው ላይ ተነሣና ሰዎች ተሰቀሉ። ሰውየውን የጥራት አባት የሚሉት ይህን ይዘሉታል።

ታዲያ እውነተኛው ቀለም ከየት ይምጣ? ከወይኑ ፍሬ ቆዳ ነው፤ የአብዛኛው ቀይ ወይን ጭማቂ ለብቻው ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። እናቴ ጠጅ ስትጥል ጊዜ ነበራት፤ የዶውሮውን ጣፋጭ ጠጅ፣ ፖርትን፣ የሚጠምቅ ግን የለውም። ጣፋጭነቱ ሳይጠፋ፣ ሁለት ሦስት ቀን እንደፈላ፣ ከወይን የወጣ አልኮል ይጨመርበትና መፍላቱ ይቆማል። በዚያች አጭር ጊዜ ቆዳው ያለውን ሁሉ መስጠት አለበት። ስለዚህ ቀኑን ቅርጫት ተሸክመው ገደል ሲወርዱ የዋሉ ወንዶች ማታ ግራናይት ገንዳ ውስጥ ይገቡ ነበር፤ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ ወይኑ እስከ ጉልበታቸው ደርሶ፣ በትእዛዝ እኩል እየረገጡ። እግር ቆዳውን ያሻል እንጂ ዘሩን አይሰብርም፤ ዘሩ ቢሰበር ጠጁን ያመርረዋል።

ከ1860ዎቹ ጀምሮ ፊሎክሴራ የተባለ ተባይ የወይኑን ሥር መጠጠውና ብዙው እርከን ባዶውን ቀረ። አንዳንዱ ዛሬም ዳዋ ለብሶ ይታያል።

ጣፋጭ ያልሆነው የዶውሮ ቀይ ጠጅ ስም ያወጣው ዘግይቶ ነው። በ1952 ጠማቂው ፈርናንዶ ኒኮላው ዴ አልሜዳ ‹ባርካ ቬሊያ› የተባለውን እንዲህ ያለ ቀይ ሲጠምቅ የመፍላቱን ሙቀት የሚያበርደው ከሩቅ በመኪና በመጣ በረዶ ነበር። በ2001 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ግን በእጅ የተሠራውን መልክዓ ምድር ነው፤ ለጋሊሲያ ካቢዎች ዘግይቶ የደረሰ ትክክለኛ ፍርድ ይመስለኛል።